ሃምፍሪ ዴቪና የከሰል ቈፋሪዎች ፋኖስ

በእንግሊዝ አገር በስተ ምዕራብ ጫፍ ኮርንዎል የሚባል አውራጃ አለ። በዚህ አውራጃ በባሕር ዳር ፔንዛንስ የምትባል ከተማ ትገኛለች። ሃምፍሪ ዴቪ በዚህች ከተማ በ1778 ዓመት በዲሴምበር ወር ተወለደ። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። አባቱ በእንጨት ላይ ቅርጽ እየቀረጸ የሚኖር ሰው ነበረ፤ ገንዘቡ ጥቂት፥ ዕዳው ግን ብዙ ነበረ። ሃምፍሪ ከአምስት ልጆች የመጀመሪያው ነው።

በትምህርት ቤት እጅግ የተመሰገነ ተማሪ አልነበረም። ዓሣ ማጥመድንና ተረት ማውራትን ይወድ ነበረ። በገበያ ቀን በቆመ ጋሪ ላይ ወጥቶ ያነበበውን ታሪክ ሲያወራ ልጆች በዙሪያው ተሰብስበው ይሰሙት ነበር። በኋላ በትልቅ ከተማ በብዙ ሊቃውንትና መኳንንት ፊት ቆሞ ሲያስተምር ያልፈራው ከዚያ ጋሪ ላይ ስለ ለመደ ይሆናል።

በ1794 አባቱ ሞተ። በዚያን ጊዜ የሃምፍሪ ዕድሜ ዐሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ነበረ። እናቱ ዕዳውን ለመክፈልና ልጆቿን ለማሳደግ የሴቶች ባርኔጣ የሚሸጥበት ሱቅ ከፈተች። ልጁ ይህን ባየ ጊዜ ልቡ ተነካ፤ ጨዋታውን ተወ። በሚከተለው ዓመት ከአንድ ሐኪምና መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ሥራ ሊማር ገባ። በደብተሩም ላይ ራሱን በራሱ የሚያስተምረውን ትምህርት ሁሉ በዝርዝር ጻፈ፤ ከዝርዝሩም ውስጥ ሰባት ቋንቋዎች ነበሩ። መምህር አልነበረውም፤ መጻሕፍት ግን ነበሩት።

ከሁሉ ይልቅ የወደደው ኬሚስትሪ የሚባለውን ትምህርት ነው። ይህም ነገር ሁሉ ከምን ከምን እንደ ተሠራ፥ አንዱም ከሌላው ጋር ሲቀላቀል ምን እንደሚሆን የሚመረምር ዕውቀት ነው። ሃምፍሪ ባሳደገው ሽማግሌ ቤት ጣራ ሥር በምትገኝ ክፍል ውስጥ በድስትና በብርጭቆ፥ በመድኃኒት ቤት ዕቃም ይፈትን ጀመረ። አንዳንድ ጊዜ የፍንዳታ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሽማግሌው ይህ ልጅ አንድ ቀን ቤቱን ሁሉ በአየር ላይ ይበትነዋል እያለ ይፈራ ነበር። ያ ልጅ አድጎ ሰዎችን ከፍንዳታ የሚያድን ዕቃ ይሠራል ብሎ ያሰበ ግን አንድም አልነበረ።

በ1798 በብሪስቶል ከተማ የነበረ አንድ ሐኪም ልዩ ልዩ ዐይነት አየር ለበሽተኛ ይጠቅም እንደ ሆነ ለመመርመር ቤት ያቋቁም ነበር፤ ዴቪንም ለዚህ ሥራ ጠራው። ወጣቱ አየሩን ሁሉ በገዛ ሳንባው እየሳበ ይፈትን ነበረ። ከእነዚህ አንዱ ሰውን የሚያስቅና ሕመምን የሚያደነዝዝ ሆኖ ተገኘ። ዴቪ በ1800 ባሳተመው መጽሐፍ ይህ አየር ሐኪም በሽተኛን በሚቈርጥበት ጊዜ ሊጠቅም እንደሚችል ጻፈ፤ ሰዎች ግን ልብ ያደረጉት ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ሌላውን አየር በሳበ ጊዜ ግን መርዝ ነበረና ለሞት ደረሰ፤ በጭንቅ ዳነ። እንዲህ ያለ ድፍረት የሚያስመሰግን ቢመስልም ብልኅነት አልነበረም።

በ1801 ሮያል ኢንስቲትዩሽን ወደሚባለው የዕውቀት ቤት ወደ ሎንዶን ተጠራ። በዚያ ሲያስተምር ሕዝቡ እየበዛ ስለ መጣ መንገዱ በሠረገላ ይሞላ ነበር። በ1807 የኤሌክትሪክን ኃይል በቀለጠ ዕቃ ውስጥ አሳልፎ ከዚያ አስቀድሞ ማንም ለይቶ ያላያቸውን ፖታሲየምንና ሶዲየምን አገኘ። ፖታሲየም ውሃ ሲነካው በራሱ የሚነድ ብረት ነው። ትንንሾቹ ጠብታዎች እንደ እሳት ሲያበሩ ባየ ጊዜ ዴቪ ከደስታው ብዛት በክፍሉ ውስጥ ዘለለ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ካልሲየምንና ሌሎችንም ለየ። በ1812 ንጉሣዊ ማዕረግ ተሰጠው፤ ሰር ሃምፍሪ ዴቪ ተባለ። በዚያው ዓመት የሚፈነዳ ዕቃ ሲመረምር ብርጭቆው ተሰብሮ ዐይኑን አቈሰለው። ስለዚህ የሚጽፍለትና የሚረዳው ሰው አስፈለገው፤ ያ ሰው የመጽሐፍ ጠራዥ ሥራ የተማረው ማይክል ፋራዴይ ነው። ፋራዴይም በኋላ ጊዜ ከጌታው የማያንስ ሊቅ ሆነ።

በዚሁ በ1812 ዓመት ከሎንዶን ራቅ ብሎ፥ በእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ በኒውካስል ከተማ አጠገብ፥ አንድ ታላቅ መከራ ደረሰ። ነገሩን ለማስተዋል አስቀድሞ የድንጋይ ከሰል እንዴት እንደሚቈፈር ማወቅ ያስፈልጋል።

በዚያ ዘመን ቤት የሚሞቀው፥ ብረት የሚቀልጠው፥ የእንፋሎትም መኪና የሚዞረው በድንጋይ ከሰል ነበረ። ከሰሉ በምድር ሆድ ውስጥ ተነጥፎ ይገኛል። ሰዎች ከመቶ ሜትር ይልቅ የሚጠልቅ ጕድጓድ ቈፍረው በገመድ ይወርዱ ነበር፤ ከታችም እንደ አይጥ መንገድ ወዲያና ወዲህ ይቈፍሩ ነበር። አባቶች ከሰሉን ይፈልጡ ነበር፤ ታላላቆቹ ልጆች ጋሪውን ይገፉ ነበር። ታናናሾቹም ንጹሕ አየር በመንገዱ እንዲዞር የተሠሩትን በሮች እየከፈቱና እየዘጉ ቀኑን ሙሉ በጨለማ ይቀመጡ ነበር። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ዛሬ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሚማሩት ልጆች ዕድሜ አይበልጥም።

ከከሰሉ ስንጥቅ ውስጥ የሚነድ አየር ይወጣል። ዛሬ ሊቃውንት ሜቴን ይሉታል። ቀለም የለውም፥ አይሸትም፤ ከተራው አየር ስለሚቀል ከዋሻው ጣራ ሥር ይከማቻል። ብቻውን ቢሆን አይፈነዳም። ከተራው አየር ጋር ከመቶ እጅ አምስት ያህል ሆኖ ሲቀላቀል ግን፥ እስከ ዐሥራ አምስት እጅም ድረስ፥ አንዲት የሻማ ነበልባል ብትነካው በአንድ ቅጽበት ይፈነዳል። እንግዲህ የቈፋሪው ጭንቅ ይህ ነበረ፤ ያለ ብርሃን መቈፈር አይቻልም፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ብርሃን ሁሉ እሳት ነበረ።

ሰዎች ብዙ ዘዴ ሞክረዋል። አየሩ ንጹሕ በሚመስልበት ስፍራ ሻማ ያበሩ ነበር። ክፉ በሆነበት ስፍራ የብረት መንኰራኵር የሚዞርበት ትንሽ መሣሪያ ይይዙ ነበር፤ አንድ ልጅ መንኰራኵሩን ሲያዞር ባልጩት ይነካውና የፍንጣሪ ዝናብ ይወጣል፤ ቈፋሪው በዚያ ብልጭታ ከሰሉን ይፈልጣል። ፍንጣሪው አያቀጣጥልም ብለው ያምኑ ነበር፤ ይሁን እንጂ ያቀጣጠለበት ጊዜ አለ። የበሰበሰ ዓሣ ቈዳ በጨለማ ጥቂት እንደሚያበራ ዐውቀው በዚያ ለመሥራት የደከሙም ነበሩ። በዓሣ ቈዳ ብርሃን ከሰል የሚፈልግ ሰው ምን ያህል ሞትን እንደ ፈራ ከዚህ ይታወቃል። ክላኒ የሚባል ሐኪምም አየሩ በወናፍ እየተነፋ በውሃ ውስጥ አልፎ የሚገባበት ፋኖስ ሠራ፤ ብልኅነት ነበረው፥ ነገር ግን ከባድ ሆነ፤ ወናፉንም ሁልጊዜ የሚነፋ ሰው ይፈልግ ነበር።

በሜይ 25 ቀን 1812 ፌሊንግ በሚባለው ስፍራ ያለው ጕድጓድ ፈነዳ። ድምፁ በዙሪያው እስከ ብዙ ኪሎሜትር ተሰማ። ከጕድጓዱ አፍ የከሰል ትቢያና የተሰባበረ እንጨት እንደ ደመና ወጣ፤ በአጠገቡ ባለው መንደር በእኩለ ቀን እንደ ምሽት ጨለመ። ሚስቶችና እናቶች ወደ ጕድጓዱ አፍ ሮጡ። ጥቂቶች ሰዎች በሕይወት ወጡ፤ 92 ሰዎችና ልጆች ግን ሞቱ። ከታች እሳት ስለ ነደደ እሳቱን ለማፈን ጕድጓዱን ከላይ መድፈን ግድ ሆነ። ስለዚህ ቤተ ሰቦቹ ሬሳውን ለመቅበር እንኳ ከአንድ ወር በላይ ቈዩ።

የደብሩ ቄስ ጆን ሆጅሰን ሙታኑን ቀበረ፤ የቀሩትንም አጽናና። በዚያ ጊዜ የጕድጓድ ባለቤቶች እንዲህ ያለ ነገር በጋዜጣ እንዲወራ አይወዱም ነበር። ሆጅሰን ግን ዝም አላለም። የሆነውን ሁሉ፥ የሙታኑንም ስምና ዕድሜ ጽፎ አሳተመ። ከዚህ የተነሣ በ1813 በሰንደርላንድ ከተማ በከሰል ጕድጓድ የሚደርሰውን አደጋ ለመከልከል ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩም ሲመክር የሊቅ ዕርዳታ እንደሚያስፈልግ ዐወቀ፤ በ1815 ወደ ሰር ሃምፍሪ ዴቪ ደብዳቤ ጻፈ።

ዴቪ በዚያን ጊዜ ከፋራዴይ ጋር ወደ ፈረንሳይና ወደ ኢጣልያ ካደረገው ረጅም ጕዞ ተመልሶ በስኮትላንድ ያርፍ ነበረ። ደብዳቤው በደረሰው ጊዜ ወደ ሎንዶን ሲመለስ በኒውካስል በኩል አለፈ፤ በኦገስት ወር ከጕድጓድ ኃላፊው ከጆን ባድል ጋር ተገናኘ። ብዙ ጥያቄ ጠየቀው። ከዚያም ከጕድጓዱ የሚወጣው አየር በጠርሙስ ተሞልቶ ወደ ሎንዶን እንዲላክለት ለመነ። ሆጅሰንም ሞልቶ ላከለት። ብዙ ሰዎች ፋኖስ ለመሥራት ሲነሡ መጀመሪያ ስለ ፋኖሱ ያስቡ ነበር። ዴቪ ግን መጀመሪያ የመረመረው አየሩን ነው።

በሎንዶን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይህን ዐወቀ። አንደኛ፥ ከጕድጓድ የሚወጣው አየር ለመቀጣጠል ከሌሎች የሚነዱ አየሮች ይልቅ የበዛ ሙቀት ይፈልጋል፤ የጋለ ከሰል ቢነካው እንኳ ያለ ነበልባል አይቀጣጠልም። ሁለተኛ፥ አንድ እጅ ከሆነው ከዚህ አየር ጋር ሰባት ወይም ስምንት እጅ ተራ አየር ሲቀላቀል ፍንዳታው ከሁሉ ይበረታል። ሦስተኛውና ዋነኛው ግን ማንም ያልጠበቀው ነገር ነበረ፤ የፈነዳው ነበልባል በቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ ማለፍ አይችልም። በቱቦው በአንድ ወገን ሲነድ በሌላው ወገን ያለው አየር እንደ ነበረ ይቀራል።

ይህ የሚሆነው እንዲህ ነው። ነበልባል ማለት እጅግ የጋለ አየር ነው። የሚነድ አየር ሙቀቱ ከአንድ ልክ ካነሰ አይቀጣጠልም። ነበልባሉ በጠባብ ቀዳዳ ሲገባ ብረቱ ከብዙ ወገን ይነካዋል፤ ሙቀቱንም ጠጥቶ ወደ ጎን ይወስድበታል። ስለዚህ ነበልባሉ ወደ ውጭ ሳይደርስ በርዶ ይጠፋል። ዴቪ ቱቦዎቹን እያሳጠረና እያበዛ ሄደ። በመጨረሻም በዲሴምበር ወር ቱቦውን ትቶ የሽቦ ወንፊት ያዘ፤ ወንፊት ማለት እጅግ ያጠረ የብዙ ቱቦ ስብሰባ ነውና። ርዝመቱም ስፋቱም ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል በሆነ ቦታ 784 ቀዳዳ ያለው ወንፊት ሆነ። ይህንም ጠቅልሎ በትንሽ የዘይት መብራት ዙሪያ አቆመው፤ ከላይም ከደነው። ብርጭቆ የለው፥ ወናፍ የለው፥ ውሃ የለው። አንድ ሰው በአንድ እጁ ይይዘዋል።

የሚነደው አየር በወንፊቱ ቀዳዳ ወደ ፋኖሱ ውስጥ ይገባል፤ በዚያም ይነዳል፤ ነገር ግን ነበልባሉ ተመልሶ መውጣት አይችልም። ደግሞ ሌላ ጥቅም ተገኘበት። ክፉው አየር ጥቂት ሲሆን በመብራቱ ነበልባል ላይ ሰማያዊ ቆብ ይታያል፤ ሲበዛ ሰማያዊው ነበልባል ወንፊቱን ይሞላዋል። መብራቱ በራሱ ከጠፋም በዚያ ስፍራ ለመተንፈስ የሚበቃ አየር የለም ማለት ነው። እንግዲህ ፋኖሱ ለቈፋሪው ብርሃንም ጠባቂም ሆነው።

በጃንዋሪ 9 ቀን 1816 ቄስ ሆጅሰን ፋኖሱን ይዞ ሄበርን ወደሚባለው ጕድጓድ ወረደ። በአንድ ሩቅና ክፉ ስፍራ ብቻውን የሚሠራ ቈፋሪ ነበረ፤ ስለ ፋኖሱ ማንም አልነገረውም። ሰውዬው በጨለማው ውስጥ ብርሃን ወደ እርሱ ሲመጣ አየ። ገላጣ ሻማ መሰለው። አጥፋው ብሎ በኃይል ጮኸ፤ መጪው ግን መልስ አልሰጠም፥ ብርሃኑም አልጠፋም። ሰውዬው እየለመነም እየተራገመም ሞቱን ጠበቀ። ብርሃኑ ቀርቦ ከፊቱ በቆመ ጊዜ ግን የደብሩን ቄስ አየ፤ በእጁም ነበልባሉ በሽቦ ወንፊት ውስጥ እንደ ታሰረ አየ። ሆጅሰን ዝም ማለቱ ፋኖሱን ለመፈተን ነበር፤ ነገር ግን ምስኪኑን ቈፋሪ አስቀድሞ ቢነግረው ይሻል ነበር።

ባድልም በበኩሉ ፋኖሱን ክፉ አየር በሞላበት ስፍራ ሰቀለው። የፋኖሱ ሽቦ እስኪቀላ ድረስ ጋለ፤ ፍንዳታ ግን አልሆነም። ባድል እጅግ ደስ አለው። ዴቪንም ከመንግሥት የብቻ ሥራ ፈቃድ እንዲያወጣ መከረው፤ ይህ ፈቃድ ያለው ሰው ካልፈቀደ ሌላ ሰው ያንን ዕቃ ሠርቶ መሸጥ አይችልምና። በዚህ መንገድ ዴቪ በዓመት ከ5,000 እስከ 10,000 ፓውንድ ሊያገኝ እንደሚችል ነገረው። ዴቪ ግን እንቢ አለ። ያሰበው ሰዎችን ለመርዳት ብቻ መሆኑንና ለኑሮው የሚበቃው እንዳለው መለሰለት። ስለዚህ በማንኛውም አገር ያለ ቆርቆሮ ሠሪ የዴቪን ፋኖስ ያለ ክፍያ መሥራት ቻለ። የጕድጓድ ባለቤቶች በ1817 በኒውካስል ግብር አብልተው ወደ 2,500 ፓውንድ የሚያወጣ የብር ዕቃ ሸለሙት።

ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ገንዘብ ያላሸነፈውን ሰው ክብር አሸነፈው። በዚያው አገር በኪሊንግዎርዝ ጕድጓድ ጆርጅ ስቲቨንሰን የሚባል መኪና ጠባቂ ነበረ። ይህ ሰው እስከ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ከሥራ በኋላ በማታ ተምሮ ፊደል ዐወቀ፤ በኋላም በባቡር ሐዲድ ሥራ ስሙ በዓለም ሁሉ ተሰማ። እርሱም በ1815 በኦክቶበር ወር አየር በጠባብ ቀዳዳ የሚገባበት ሌላ ፋኖስ ሠርቶ፥ ክፉ አየር ከሚፈስበት ስንጥቅ አጠገብ በገዛ እጁ ይዞ ፈተነው። ሁለቱ ሰዎች አልተነጋገሩም፥ አንዱም ከሌላው አልወሰደም፤ ሁለቱም አንዱን እውነት በየመንገዳቸው አገኙ። ዴቪ ግን ይህን ሊያምን አልወደደም። ያልተማረ መኪና ጠባቂ እንዲህ ያለውን ነገር በራሱ ሊያገኝ አይችልም፥ ከእኔ ሰርቆ ነው ብሎ ተናገረ፤ በብርቱም ተቈጣ። የኒውካስል ሰዎች በዚህ አዝነው ለስቲቨንሰን 1,000 ፓውንድ ሰበሰቡለት። በ1833 የእንግሊዝ ምክር ቤት የመረማሪዎች ጉባኤ ስቲቨንሰንም እኩል መብት እንዳለው ፈረደ፤ ዴቪ ግን በዚያን ጊዜ ሞቶ ነበር።

ፋኖሱ ራሱም ጕድለት ነበረበት። ወንፊቱ ብርሃኑን ስለሚጋርደው እጅግ ደብዛዛ ነበር። ቈፋሪ ደመወዙን የሚቀበለው በፈለጠው ከሰል ልክ ነበረና በደብዛዛ ብርሃን ጥቂት ሲፈልጥ እንጀራው ይጐድልበታል። ስለዚህ ብዙዎች ፋኖሱን ከፍተው በነበልባሉ ብቻ ይሠሩ ነበር፤ አንዳንዱም ትንባሆ ለመለኰስ ይከፍተው ነበር። በኋላ ጊዜ ቈፋሪው እንዳይከፍተው ቍልፍ ተሠራለት። ወንፊቱ በዝገት ቢቀደድ፥ አንዲት ሽቦም ብትሰበር፥ በዚያች ቀዳዳ ሞት ይወጣል። የአየሩም ፍሰት ሲበረታ ነበልባሉን ገፍቶ በወንፊቱ ያሳልፈዋል፤ ጕድጓድን የሚያነጻው ብርቱ ነፋስ ለዴቪ ፋኖስ ጠላት ሆነ።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። አየራቸው ክፉ በመሆኑ የተተዉ ስፍራዎች ነበሩ። ባለቤቶቹ እንግዲህ ፋኖስ አለ ብለው እነዚያን ስፍራዎች ዳግመኛ ከፈቱ፤ ሰዎችንም ወደዚያ ላኩ፤ አየሩን ለማንጻት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ማውጣት አልወደዱም። በ1835 የምክር ቤቱ ጉባኤ ነገሩን ሲመረምር ፋኖሱ ከመጣ በኋላ ባሉት ዓመቶች በሰሜን ምሥራቅ ጕድጓዶች የሞቱት ሰዎች ቍጥር ከቀድሞው ዓመቶች እንደ በለጠ አገኘ። የወጣው ከሰል ደግሞ በዝቶ ነበር። ፋኖሱ አልዋሸም፤ ነገር ግን አየሩ እስካልነጻ ድረስ ፋኖስ ብቻውን የማይችለውን ሸክም ጫኑበት። ከዚያ በኋላ የመጡት ጠቢባን ብርጭቆ ጨመሩበት፥ ወንፊቱን ድርብ አደረጉት፥ ከነፋስም የሚጋርድ የብረት ልብስ አለበሱት። በሃያኛው መቶ ዓመት ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚበራ፥ ከራስ ቆብ ጋር የሚታሰር መብራት ስፍራውን ወሰደ።

ኤሌክትሪክ ነበልባል የለውምና ከእንግዲህ ፍርሃት የለም የሚል ሰው ይኖራል። እንዲህ አይደለም። የመብራት ማብሪያው ሲነካ ትንሽ ፍንጣሪ ይወጣል፤ የአምፑሉም ብርጭቆ ይግላል። ዛሬ ቤንዚን በሚከማችበት፥ ቀለም በሚቀላቀልበት፥ አልኮልም በሚጣራበት ፋብሪካ እንደ ጕድጓዱ አየር የሚነድ ትነት አለ። የቤንዚን ትነት ከተራው አየር ስለሚከብድ ወደ ጣራ አይወጣም፤ በወለል ላይ እንደ ውሃ እየፈሰሰ በጕድባና በዝቅተኛ ስፍራ ይተኛል። በእንዲህ ያለ ቤት መብራት የሚመርጥ መሐንዲስ ዴቪ እንዳደረገው ከአየሩ ይጀምራል። ትነቱ ሁልጊዜ የሚኖርበትን ስፍራ፥ በሥራ ጊዜ አልፎ አልፎ የሚመጣበትን፥ በአደጋ ብቻ የሚመጣበትንም ለይቶ ያስቀምጣል። ቀጥሎ ትነቱ በምን ያህል ሙቀት እንደሚቀጣጠል ያያል። መብራቶች የውጭ ገጻቸው በሚደርስበት ሙቀት ልክ በስድስት ክፍል ተከፍለዋል፤ የመጀመሪያው እስከ 450 ዲግሪ፥ ስድስተኛው ከ85 ዲግሪ አይበልጥም። ገጹ ትነቱ ከሚቀጣጠልበት ልክ የሚግል መብራት ፍንጣሪ ባይኖረውም እንኳ አይመረጥም።

ከእነዚህ መብራቶች ብዙዎቹ የሚሠሩት በወፍራም የብረት ሣጥን ነው። ትነት ወደ ሣጥኑ እንዳይገባ ፈጽሞ ስለ ተዘጋ አይደለም፤ ይገባል። በውስጡም ሊፈነዳ ይችላል። ነገር ግን ሣጥኑ ብርቱ ስለ ሆነ አይሰበርም፤ ነበልባሉም ክዳኑና ሣጥኑ በሚጋጠሙበት ጠባብ መንገድ ሲወጣ በብረቱ ቀዝቅዞ ይጠፋል። ይህ የዴቪ ቱቦ ነው። ጥበቱም ለሁሉ አንድ አይደለም፤ የሜቴንን ነበልባል ለማቆም ከአንድ ሚሊሜትር ጥቂት የሚበልጥ ክፍተት ይበቃል፤ የሃይድሮጅንን ግን ከአንድ ሚሊሜትር ሢሶ የሚያንስ ክፍተት እንኳ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ለአንዱ ትነት የተሠራ መብራት ለሌላው ትነት ሞት ሊሆን ይችላል። ዴቪም በዘመኑ ወንፊቱ የጕድጓዱን አየር እንጂ ሁሉን ነበልባል እንዳያቆም ያውቅ ነበር።

ዴቪ በ1818 ከፍ ያለ ማዕረግ ተቀበለ፤ በ1820 ሮያል ሶሳይቲ የሚባለው የሊቃውንት ማኅበር አለቃ ሆነ። ብዙ ወዳጅ ግን አልነበረውም። ረዳቱ ፋራዴይ በ1824 የማኅበሩ አባል እንዲሆን ሲመረጥ ዴቪ ተቃወመ፤ በስቲቨንሰን ላይ የታየው ቅናት በገዛ ደቀ መዝሙሩ ላይ ደግሞ ታየ። ፋራዴይ ግን ስለ ቀድሞ ጌታው እስከ ዕድሜው መጨረሻ በአክብሮት ይናገር ነበር።

በ1826 መጨረሻ ዴቪ በድንገት ታመመ፤ ግማሽ አካሉም ደከመ። ሹመቱን ትቶ ለጤናው በአውሮፓ አገሮች ተዘዋወረ፤ ዓሣ ማጥመድንም እንደ ልጅነቱ ወደደ። በሜይ 29 ቀን 1829 በስዊስ አገር በጄኔቭ ከተማ ሞተ። ዕድሜው ሃምሳ ዓመት ነበር፤ በዚያም ተቀበረ።

የጕድጓድ ባለቤቶች የሸለሙት የብር ዕቃ ለሚስቱ፥ ከእርሷም በኋላ ለወንድሙ ቀረ። በመጨረሻም በዴቪ ፈቃድ ዕቃው ቀልጦ ዋጋው ለሮያል ሶሳይቲ ተሰጠ፤ በዚያ ገንዘብ በየዓመቱ ለታላቅ የኬሚስትሪ ሥራ የሚሰጥ ሜዳልያ ተቋቋመ። መጀመሪያ በ1877 የተቀበሉት ቡንዘንና ኪርሆፍ የሚባሉት የጀርመን ሊቃውንት ናቸው። የፔንዛንስ ሰዎችም በ1872 በገበያው መንገድ ላይ የድንጋይ ሐውልት አቆሙለት። ሐውልቱ የሊቅ መጽሐፍ ወይም ፖታሲየም የተገኘበትን መሣሪያ አልያዘም፤ በእጁ ያለው የቈፋሪ ፋኖስ ነው።